የጋሽ ውሃ ልክ ጆሮ

አባቴን ሥራ ቦታ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጋሽ ውሃ ልክ» ነው የሚሉት። ውሃ ልክ ማለት ግንበኛ የደረደረው ድንጋይ መስተካከሉን የሚያይበት ረጅም መለኪያ ነው። መሀሉ ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ብርጭቆ አለች፤ ውሃው ውስጥ አንዲት አረፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አረፋዋ ከሁለቱ መስመሮች መካከል ስትቆም ድንጋዩ ልክ ነው። አባቴ ግን መለኪያው እስኪመጣለት አይጠብቅም። አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያይና «በግራ በኩል ከፍ ብሏል፣ አንዴ ኮርኩመው» ይላል። መለኪያው ሲጋደምበት እውነትም በግራ በኩል ከፍ ብሎ ይገኛል።

ይህ አመሉ እቤትም አይተወውም። እንግድነት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ወሬው አይገባውም፤ ተነስቶ ካላስተካከለ አይቀመጥም። ባለቤቴ መጀመሪያ እኛ ቤት የመጣ ቀን አባዬ ሲያየው፣ ሲያየው ቆየና፣ ልጁ ከወጣ በኋላ እናቴን «ትከሻው ወደ ቀኝ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ መሠረቱ ግን ደህና ነው» አላት። በዚች አስተያየት ተጋባን።

አሁን እኔና ባለቤቴ ከወላጆቼ ቤት ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ነው የምንኖረው። ልጃችን ሚጣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ይህን የምጽፈው አባቴን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። እሱ ላይ የደረሰው ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስና ብዙ ሰው እንደሱ አፍኖ እንደሚይዘው ስላወቅሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን ጠዋት ነው። አባዬ የሰዓቱን ደወል ሊያጠፋ በተኛበት ወደ ቀኝ ገልበጥ ሲል ቤቱ ከነጣሪያው ዞረበት። የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀው። ሌላ ሰው ቢሆን «አመመኝ» ይላል። እሱ ምን አለ? «የአልጋው እግር ሰምጧል!»

እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ ውሃ ልኩን ይዞ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል።

«አንተ ሰውዬ፣ በጠዋት አልጋ ሥር ምን ቀበርክ?»

«ዝም በይ፣ አረፋዋን አትረብሺብኝ።»

ወለሉን ለካ፤ ልክ ነው። የአልጋውን ብረት ለካ፤ ልክ ነው። ከዚያ መለኪያውን ራሱን ጠረጠረው። ግንበኛ መለኪያውን ሲጠራጠር አገላብጦ ነው የሚፈትሸው፤ በቀኝ የነበረውን ጫፍ በግራ አድርጎ እዚያው ቦታ ላይ ይመልሰዋል። አረፋዋ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ከቆመች መለኪያው ጤነኛ ነው። አገላበጠው። አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። ያን ጊዜ ገባው፤ ወለሉም አልጋውም መለኪያውም ደህና ናቸው፣ የተዛባው እሱ ራሱ ነው።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ሐኪም ዘንድ በመሄድ ፋንታ ግንበኛ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተ። ውሃ ልክ ሲነካካ አረፋዋ ትዋልላለች፤ ሳይነኩት ሲጠብቁ ትረጋለች። ስለዚህ «ጭንቅላቴን ካልነካሁት ይረጋል» ብሎ ወሰነ። አንገቱን እንደ ምሰሶ አቆመው። መተኛት ትቶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማደር ጀመረ። እናቴ ስትጠይቀው «ጀርባዬን ነካ አድርጎኛል» ይላታል። ሲጠሩት አንገቱን ሳይሆን መላ አካሉን ነው የሚያዞረው።

«ቁም ሳጥን ነው እንዴ ያገባሁት?» ትላለች እናቴ። «ለመዞር አራት ሰው ይፈልጋል!»

እኛ እንስቃለን፣ እሱም ይስቃል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

በዚያን ጊዜ አባዬ የሚሠራው አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤተ መጻሕፍት ላይ ነበር። የሕንፃው የመንገድ በኩል ፊት በሙሉ በጥርብ ድንጋይ የሚለበስ ነው። ቀጥ ያለውን ግድግዳ ማንም ደህና ግንበኛ ይሠራዋል። ማዕዘኑ ግን ለአንድ ሰው ነው የሚሰጠው፤ ማዕዘኑ ከተዛባ ሁለቱም ግድግዳ ይዛባልና። የአንደኛውንም የሁለተኛውንም ፎቅ ማዕዘን ያወጣው አባዬ ነው። የቀረው የላይኛው ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ራሱ አባዬን ይዞት ቤት መጣ። ፎርማኑ የአባዬ ልጅ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማማ፣ ይቆጡልኝ» አለ እናቴን። «ርብራቡ ላይ ቆመው ወደ ላይ ቱምቢውን ያያሉ። ቀና ማለት አንድ ነገር ነው። እሳቸው ግን አንገታቸውን እንደያዙ ከወገባቸው ወደ ኋላ ተለጠጡ! በቀበቷቸው ባልይዛቸው ኖሮ ዛሬ የማመጣልዎት ሌላ ወሬ ነበር።» ቱምቢ ማለት በገመድ የሚንጠለጠል ሾጣጣ ብረት ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ብሎ መቆሙ የሚታየው በሱ ነው።

«አጋነንከው» አለ አባዬ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ማጣት አልፈልግም። ሰኞ የሐኪም ወረቀት ያምጡልኝ። ካለዚያ ማዕዘኑን ለቶሎ ቶሎ እሰጠዋለሁ፣ እርስዎ ስቶር ይጠብቃሉ።»

ቶሎ ቶሎ የሚባለው ሌላው ግንበኛ ነው። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። አባዬ ስቶር ጠባቂ ሲባል ምንም አልመሰለውም፤ ቶሎ ቶሎ ሲባል ግን ፊቱ ተለወጠ።

ፎርማኑ ከሄደ በኋላ ሚጣን አመጣሁለት፤ ሲከፋው የምትሻለው እሷ ናት። ጉልበቱ ላይ ተቀምጣ ማንኪያዋን ወደ ቀኝ ወረወረችው። እሱም ረስቶት፣ ወይም ለሷ ሲል፣ ጎንበስ ብሎ አነሳላትና ቀና አለ። አፍታ ቆይቶ «ያዣት!» ብሎ ጮኸ። ነጠቅኳት። አባዬ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተለቀቀ። ጠጋ ብዬ ፊቱን አየሁት። ዓይኖቹ ተገልጠዋል፤ ግን እኔን አያዩም። የዓይኑ ጥቁር ቀስ ብሎ ይንሸራተትና ቱር ብሎ ይመለሳል፤ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል።

ልጅ ካጠባሁ ወዲህ ሁሉን ነገር መቁጠር ለምዶብኛል፤ ሳይታወቀኝ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ላይ ቆመለት።

እኔ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። ኩሽና ውስጥ ሚጣን በሁለት እጄ ይዤ ሦስት አራቴ ዞሬ ቀጥ ስል፣ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች፤ ዓይኖቿ ግን ለጥቂት ጊዜ መዞሩን አይተውም። በፊቴ አጠገብ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ፣ ቱር ብለው ይመለሳሉ። ልክ እንዲህ ነው። ግን ሚጣን ያዞርኳት እኔ ነኝ። አባዬን ማን አዞረው?

«አባዬ፣ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሦስት ሳምንት» አለ። «ወደ ቀኝ ስተኛ፣ ቀና ስል፣ ሳጎነብስ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።»

«ሰምቻለሁ!» አለች እናቴ ከበር ላይ። «ቁም ሳጥን!»

ዓርብ ጠዋት ሚጣን ለእናቴ ትቼ ከአባዬ ጋር ወደ ጆሮ ሐኪም ሄድን። «የሚያዞረኝ ጭንቅላቴን ነው፤ ጆሮዬን ምን ልታደርጊው ነው?» እያለ ነው የሄደው። እኔም ብሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፣ ስለ ጆሮ ተምረናል። ፈተና ላይ የመጣው ግን የሦስቱ ትንንሽ አጥንቶች ስም ብቻ ስለነበር ሌላውን እዚያው ክፍል ውስጥ ትቼው ነው የወጣሁት። ወደ ጆሮ ሐኪም የመራን የጤና ጣቢያው ነርስ ነው፤ ያየሁትን በስልክ ስነግረው «ዓይኑ ከተንሸራተተ ጆሮ ነው የሚታየው» ብሎን ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ እርሳሶቿ በቁመታቸው ተደርድረዋል። አባዬ እርሳሶቹን ሲያይ ትንሽ ተረጋጋ። መጀመሪያ ጠየቀችው፤ አንደበት ይተሳሰርብዎታል? እጅዎ ይዝላል? ነገር ሁለት ሆኖ ይታይዎታል? መስማት ቀንሶብዎታል? ለሁሉም «አይ» አላት። እኔም ያየሁትን ነገርኳት፤ ቀና ካለ በኋላ አፍታ ቆይቶ እንደጀመረው፣ አሥራ ስምንት እስክቆጥር እንደቆየ፣ ዓይኑ እንዴት እንደተንሸራተተ።

«ቆጠርሽ?» አለችና ጻፈችው። «ጎሽ። ይህ በጣም ይረዳኛል።»

ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችው። «አባቴ፣ ‹እምቢ› እንደሚል ሰው ጭንቅላትዎን ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ያንብቡልኝ። ቀስ ብለው ይጀምሩ።»

«‹እምቢ› ማለቱንስ ያውቅበታል» አልኩ።

አነበበ። ፊደሎቹ አልጠፉበትም። «አሁን እርስዎ አይነቃነቁ፣ ወረቀቱን እኔ ላወዛውዘው» አለችና እዚያው ፊቱ ላይ አወዛወዘችው። አንድ ቃል አልያዘም።

«ፍጥነቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለችው። አባዬ አሰበ። እኔም አሰብኩ። እናንተም አሁን ይህን ይዛችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

እንዲህ ነው ያስረዳችን። በጆሯችን ውስጥ፣ ከሚሰማው ክፍል አጠገብ፣ በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ቀለበት የመሰሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያንን የሚያውቅ ስስ መጋረጃ ይገፋል። መልእክቱ በነርቭ ሄዶ በቀጥታ የዓይንን ጡንቻ ያዛል። ጭንቅላት ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይን በዚያው ልክ ወደ ግራ ይሄዳል። እኛ ሳናስበው፣ ሳንፈቅድለት፣ ዓይናችንን እስክናርገበግብ እንኳ ሳይጠብቅ። ስንራመድ መንገዱ የማይዘልብን፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠን የሱቅ ጽሑፍ የምናነበው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ሲወዛወዝ ግን ጆሮ ምንም አያውቅም፤ ዓይን ብቻውን ይሮጣል፣ አይደርስበትም።

«እንግዲህ» አለች ሐኪሟ፣ «ጭንቅላትዎ ቆሞ ሳለ ጆሮዎ ‹እየዞርን ነው› ብሎ ቢዋሽ፣ ዓይን ምን ያደርጋል?»

«ይታዘዛል» አለ አባዬ።

«ይታዘዛል። ከዚያ ቤቱ የዞረ ይመስልዎታል። አሁን እዚህ አልጋ ላይ ጭንቅላትዎን ወደ ቀኝ አዙረው በጀርባዎ ፈጠን ብለው ይተኛሉ። እኔ እይዝዎታለሁ፣ ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ።»

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ቆመ። አባዬ የአልጋውን ጠርዝ ያዘ። «ወደ ቀኝ አልተኛም» አላት። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የሸሸሁት እኮ እሱን ነው። መድኃኒት ስጪኝ፣ እሄዳለሁ።»

«መድኃኒት ማዞሩን ያደበዝዘው ይሆናል፤ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ግን አይነግረኝም። በቀኝም በግራም ማየት አለብኝ።»

«ግራው ደህና ነው አልኩሽ እኮ!»

«ቢሆንም ሁለቱንም ጎን ካላገላበጥኩ አላምንም።»

አባዬ ቀና አላለም፣ አይችልም፤ ግን ዓይኑን አነሳና አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ እንደ ቁም ሳጥን።

«ሰማሻት? አገላብጣ ነው የምትፈትሸው።»

«አንተስ እንደሱ አይደል የምትሠራው?»

«ሌላ መፈተሻ አለው እንዴ?» አለ። ጫማውን አወለቀ።

ስታስተኛው እጄን ያዘኝ። ምንም አልሆነም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ፤ አራት ላይ ጀመረው። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ዓይኑን ስታይ «ነይ እዪ» አለችኝ። የዓይኑ ጥቁር ወደ ላይ ይዘላል፣ በዚያው ላይ በር ውስጥ እንደገባ ቁልፍ ይጠመዘዛል። የአባዬ እጅ አርባ ዓመት ድንጋይ ያነሳ እጅ ነው፤ ጣቶቼ ተጣበቁ። ሃያ ሳልደርስ ቆመ። አስቀመጠችውና በግራ በኩል ደገመችው። ምንም የለም፤ ዓይኑ ጸጥ ብሎ ጣሪያውን ያያል።

«ቀኝ ጆሮ ነው» አለች። «ምን እንደሆነ ልንገርዎት? ከቱቦዎቹ አጠገብ ሚዛን የሚጠብቁ በጣም ደቃቅ ጠጠሮች አሉን። አንዳንዴ ይላቀቁና መግባት የሌለባቸው ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። እርስዎ ሲተኙ እነሱ ይንከባለላሉ፤ ፈሳሹን ይገፉታል፤ ጆሮ ‹ዞርን› ይላል።»

«የምን ጠጠር?»

«ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነው።»

አባዬ ተነስቶ ተቀመጠ። «ኖራ? ኖራ ነው ያልሽኝ? እኔ ጆሮ ውስጥ?»

«የሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለ።»

«የነሱንማ አላውቅም፤ የኔው ከሥራ ይዤው የመጣሁት ነው!» ብሎ ሳቀ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አንድ ነገር ላስተካክልልዎት» አለችው። «አንገትዎን ያቆሙት እንዲረጋ ብለው ነው፤ አይደል? ጠጠሩ ግን ሳይንቀሳቀሱ ብቻውን ቶሎ አይወጣም። በመጣበት መንገድ ማንከባለል ነው።»

አንከባለለችው። በቀኝ በኩል አስተኝታ ጠበቀች፤ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዞረች፣ ጠበቀች፤ በግራ ጎኑ አስተኝታ ፊቱን ወደ ወለሉ መለሰችው፣ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። በቃ። ቢላ የለ፣ መርፌ የለ። ትንሽ አሳርፋ እንደገና ወደ ቀኝ ስታስተኛው እኔ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ዓይኑ አልተነቃነቀም።

«ያቺ ናት» አለ አባዬ በተኛበት፣ ቀስ ብሎ፤ «መሀል ላይ ቆመች።»

ደስ ብሎን ልንወጣ ስንል ወረቀቱን አነበብኩት። «ለአንድ ሳምንት ከፍታ ላይ እንዳይወጡ፤ በመጪው ዓርብ ተመልሰው ይታዩ» ይላል። ማዕዘኑ የሚጀመረው ሰኞ ነው።

መንገድ ላይ «ድኜ የለም እንዴ? ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ባስቀረው ማን ያውቃል?» አለ።

«እኔ አውቃለሁ። እናቴም ከበር ላይ ትሰማለች።»

ቅዳሜና እሑድ ግን ሶፋው ላይ ሳይሆን አልጋው ላይ፣ በቀኝ ጎኑ ተኛ። ሰኞ ማለዳ ወረቀቱን ለፎርማኑ ራሱ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ ፎርማኑ ነው። ወረቀቱን አንብቦ «ሥራ አይጠብቅም፣ ጋሼ» ሲል አባዬ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የሄደው።

«ማን ጠብቅ አለህ? ቶሎ ቶሎ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ያውጣ፤ ለሱ የሚሆን ሥራ ነው። እኔ የማዕዘኑን ድንጋይ በሙሉ መሬት ላይ እጠርበዋለሁ። በየተራው ቁጥር ጽፌበት እደረድረዋለሁ። ሌላ ጊዜ አንዱን እየጠረብን አንዱን ስንሰቅል ነው ሁለት ሳምንት የሚፈጀው። ተጠርቦ ካለቀ በስድስት ቀን አወጣልሃለሁ።»

ፎርማኑ ጣቶቹን አጣጥፎ አሰላ። «ዓርብ ሐኪሟ ባትፈቅድስ?»

«ያን ጊዜ ድንጋዩ ቁጥር አለው፤ ቶሎ ቶሎ እንኳ አያበላሸውም። እኔም ስቶርህን እጠብቅልሃለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ መዶሻና መሮ ይዞ ዋለ። ጓደኞቹ «ጋሽ ኖራ» ሊሉት ሞከሩ፤ እሱም «በነጻ የታደልኩት ነው፣ እናንተ በከረጢት ትሸከማላችሁ» አላቸው፤ ስሙ ሳይጸና ቀረ። ዓርብ ሐኪሟ በቀኝም በግራም አገላብጣ አየችው። ዓይኖቹ ሁለቱንም ጊዜ ጸጥ አሉ። ወረቀቱን ፈረመችለት። «ይህ ነገር አንዳንዴ ይመለሳል» አለችው። «ከተመለሰ አልጋ ሥር እንዳይገቡ፤ ወደዚህ ይምጡ።» የዚያን ቀን አብራው የሄደችው እናቴ ናት፤ እሷ ነግራት መሆን አለበት።

የማዕዘኑ የመጀመሪያ ድንጋይ የተሰቀለ ቀን ሚጣን ታቅፌ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆምኩ። አባዬ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ቀበቶው ላይ አዲስ የደኅንነት ገመድ ታስሯል፣ የፎርማኑ ትእዛዝ ነው። ድንጋዩን አስቀመጠ፣ ቱምቢውን ለቀቀ። አሁን ገመዱ ከላይ የታሰረበትን ማየት አለበት። እዚያው ቆሞ፣ ወገቡን ሳያንቀሳቅስ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ቀና አለ።

ቆጠርኩ። አምስት። አሥር። ሃያ። እጁ ወደ ርብራቡ ብረት አልሄደም። አንድ ዓይኑን ጨፍኗል።

ከዚያ ወደ ታች ሲያይ አየን። እጁን አነሳ፤ ሰላምታ መስሎኝ እኔም አነሳሁ።

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ፤ መንገደኛው ሁሉ ቀና አለ። «የልጅቷ ኮፍያ በግራ በኩል ዘንበል ብሏል!»

አየሁት። እውነትም ዘንበል ብሏል። አስተካከልኩት።